የጥንት የተራራ ባቡር ጥንድ ፎቶግራፎችና ለመሐንዲስ የሚሰጡት ምስክርነት




በመንገድ ወይም በግድብ ጥናት ላይ የሠራ መሐንዲስ ሁሉ ስቴሬኦስኮፕ የሚባለውን መሣሪያ ያውቀዋል። ሁለት የአየር ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ተመልካቹ በሁለቱ ሌንሶች በኩል አጎንብሶ ሲያይ፣ ጠፍጣፋ የነበረው ወረቀት ተራራና ሸለቆ ሆኖ ከፊቱ ይነሣል። ዛሬ ይህ ሥራ በአብዛኛው በኮምፒዩተር የሚከናወን ቢሆንም መሠረተ ሐሳቡ አልተለወጠም። ይሁን እንጂ መሣሪያው የካርታ ሥራ ባለሙያ መገልገያ ከመሆኑ አስቀድሞ በአውሮፓና በአሜሪካ በየቤቱ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ የሚገኝ መዝናኛ ነበር። ለዚሁ መዝናኛ ተብለው ከታተሙት ብዙ ሚሊዮን ካርዶች መካከል የተራራ ባቡሮችን የሚያሳዩት አንድ ራሱን የቻለ ክፍል ናቸው።

የዚህ ንግግር ዓላማ እነዚህ ካርዶች የጥንት ዕቃ ወዳድ ሰው ማስደሰቻ ብቻ ሳይሆኑ የምሕንድስና ሰነድም መሆናቸውን ማስረዳት ነው። ከዚህም ጋር፣ ሰነድ ሆነው የሚቆዩት ሰብሳቢው እንደ ሰነድ የያዛቸው እንደሆነ ብቻ ስለ መሆኑ ይነገራል። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰው በሁለት ዐይኖቹ የሚያያቸው ሁለት ምስሎች ትንሽ የተለያዩ መሆናቸውንና የጥልቀት ስሜት የሚገኘውም ከዚሁ ልዩነት መሆኑን እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስተን በ1838 በመስተዋት በተሠራ መሣሪያ አስረዳ። ዴቪድ ብሩስተር በ1849 መስተዋቱን በሌንስ ተክቶ መሣሪያውን አሳነሰው። በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ መሣሪያውን ካደነቀችው በኋላ ገበያው ደራ። በ1861 ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪምና ደራሲ ኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ በእጅ የሚያዝና ዋጋው ርካሽ የሆነ መመልከቻ ሠራ። ሆምስ የፈጠራ መብት ሳይጠይቅበት ስለ ተወው ማንም እየሠራ ሊሸጠው ቻለ። ከዚያ ወዲህ በግምት 9 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነው ካርድ የተለመደ መጠን ሆነ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ አንደርውድና አንደርውድ እንዲሁም ኪስቶን የተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች ካርዶቹን በሣጥን እያደረጉ ለየትምህርት ቤቱና ለየቤተሰቡ ያከፋፍሉ ነበር።

ተራራና የባቡር ሐዲድ ለዚህ ዓይነቱ ፎቶግራፍ የተመረጡበት ምክንያት በስሌት ሊገለጽ ይችላል። በሁለቱ ምስሎች መካከል የሚታየው ልዩነት፣ ማለትም ፓራላክሱ፣ የሚገኘው የሌንሱን የትኩረት ርቀት በሁለቱ ሌንሶች መካከል ባለው ርቀት አባዝቶ ውጤቱን ለዕቃው ርቀት በማካፈል ነው። የትኩረት ርቀቱ 150 ሚሊ ሜትር፣ በሌንሶቹ መካከል ያለው ርቀትም እንደ ሰው ዐይን 65 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በ5 ሜትር ርቀት ላይ የቆመ ሠራተኛ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ልዩነት ይሰጣል። በ50 ሜትር ላይ ያለ የድልድይ ቋሚ 0.2 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። በ500 ሜትር ላይ ያለ ገደል ግን 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሰጥ ዐይን አይለየውም። ስለሆነም ተራራ ብቻውን ፎቶግራፍ ቢነሣ በመመልከቻው ውስጥ እንደ መጋረጃ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ፎቶግራፍ አንሺው ከቅርብ ጀምሮ ወደ ሩቅ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ነገር ያስፈልገው ነበር። ከእግሩ ሥር ተነሥቶ፣ በድልድይና በቁርጥ ድንጋይ አልፎ ወደ ሸለቆው የሚዘልቅ ሐዲድ ይህን ፍላጎቱን አሟላለት።

ከዚህ የተገኘው ጥቅም ጆርጅታውን ሉፕ በተባለው የኮሎራዶ ሐዲድ ላይ በግልጽ ይታያል። ጆርጅታውንና ሲልቨር ፕሉም የተባሉት የማዕድን ከተሞች በቀጥታ ሲለኩ የሚራራቁት 3.2 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የከፍታቸው ልዩነት ግን 195 ሜትር ያህል ይደርሳል። ሐዲዱ በቀጥታ ቢዘረጋ ተዳፋቱ ከመቶ 6 ስለሚያልፍ ለዚያ ዘመን ሎኮሞቲቭ የሚቻል አልነበረም። መሐንዲሶቹ መስመሩን በጠባቡ ሸለቆ ውስጥ እያጠማዘዙ ወደ 7.2 ኪሎ ሜትር አስረዘሙት። በአንድ ቦታ ላይም 91 ሜትር ገደማ በሚረዝምና 30 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የብረት ድልድይ አማካይነት ሐዲዱ ራሱን በላይ በኩል እንዲሻገር አደረጉት። በዚህም የመንገዱ አማካይ ተዳፋት ከመቶ 3 በታች ሊወርድ ቻለ። ድልድዩ በ1883 መጨረሻ በተተከለ ጊዜ የሰሜንና የደቡብ ቋሚዎቹ ቦታ ተለዋውጦ ስለ ተገኘ መሐንዲሱ አልረከብም አለ። ሥራው ታርሞ ለትራፊክ የተከፈተው በ1884 ነው።

ይህንን ቦታ በተራ ፎቶግራፍ የሚመለከት ሰው የላዩንና የታቹን ሐዲድ፣ ወንዙንና የተራራውን ወገብ እንደ ተወሳሰበ ክር አንድ ላይ ተደራርበው ያገኛቸዋል። የትኛው መስመር ከፊት፣ የትኛውስ ከኋላ እንደሚያልፍ ለማወቅ ፕላኑን ማየት ግድ ይሆንበታል። በጥንድ ፎቶግራፍ ሲያየው ግን መስመሮቹ ይለያያሉ፤ ድልድዩ ወደ ፊት ይመጣል፤ የታችኛው ሐዲድ በቋሚዎቹ መካከል ሾልኮ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። የአቀማመጡ ሐሳብ ያለ ማብራሪያ ይገባል። ሐዲዱ በ1939 ተነቅሎ፣ ድልድዩም ፈርሶ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። አሁን በዚያ ቦታ የሚታየው ድልድይ እንደ ገና ተሠርቶ በ1984 የተከፈተ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ድልድይ በሸለቆው ውስጥ እንዴት ተቀምጦ እንደ ነበር በሦስት አቅጣጫ የሚያሳዩት እነዚያ በየሰው ቤት መሳቢያ ውስጥ የቆዩ ካርዶች ናቸው።

በኒው ሃምፕሸር ያለው የዋሽንግተን ተራራ ባቡር ሌላ ዓይነት ትምህርት ይሰጣል። ሲልቬስተር ማርሽ ወደ ተራራው ጫፍ የሚወጣ ባቡር ለመሥራት በ1858 ፈቃድ በጠየቀ ጊዜ የምክር ቤቱ አባላት ወደ ጨረቃም ቢሆን ይፈቀድለት እያሉ ቀለዱበት ይባላል። ይሁንና ባቡሩ በሐምሌ ወር 1869 ጫፉ ላይ ደረሰ። የመስመሩ ርዝመት 4.8 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የያዕቆብ መሰላል በተባለው የእንጨት ድልድይ ላይ ተዳፋቱ ከመቶ 37 በላይ፣ ማለትም 20 ዲግሪ ያህል ይሆናል። በዚህ አቀበት ላይ ለስላሳ መንኰራኩር በለስላሳ ብረት ላይ ስለሚንሸራተት፣ ማርሽ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል መሰላል የሚመስል ባለ ጥርስ ሐዲድ ዘረጋ፤ የሎኮሞቲቩ ጥርሳም መንኰራኩርም ያንን እየነከሰ ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1871፣ በስዊዘርላንድ የኒክላውስ ሪገንባኽ የሪጊ ተራራ ባቡር ተከፈተ፤ በ1889 ደግሞ ከመቶ 48 ተዳፋት የሚወጣው የፒላቱስ ባቡር ተከተለ።

በተራራው አቅራቢያ በሊትልተን ከተማ የነበሩት ኪልበርን ወንድማማቾች ይህንን የኒው ሃምፕሸር ባቡር ደጋግመው ፎቶግራፍ አንሥተውታል። ካርዶቹን በዘመን ቅደም ተከተል የደረደረ ሰው የአንድን ፈጠራ ዕድገት እንደ መጽሐፍ ያነበዋል። የመጀመሪያዎቹ ሎኮሞቲቮች ቦይለራቸው እንደ ጠርሙስ ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር፤ ከ1870ዎቹ ወዲህ የመጡት ደግሞ የተጋደመና ከአቀበቱ ጋር እንዲስማማ ያዘነበለ ቦይለር አላቸው። የባለ ጥርሱ ሐዲድ አሠራር፣ የእንጨቱ ድልድይ ማያያዣ፣ ሠራተኞች ቍልቍል ለመውረድ ጥርሱ ላይ ያንሸራትቱት የነበረው አጭር ጣውላ እንኳ ይታያል። በ1938 የደረሰው ታላቅ ማዕበል የያዕቆብ መሰላልን ስላፈረሰው፣ የቀድሞው የእንጨት ሥራ እንዴት እንደ ተዋቀረ ለማወቅ የሚፈልግ መሐንዲስ ወደነዚህ ካርዶች ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፎቶግራፍ አንሺው ካሜራውን በማዝመም አቀበቱን ካለው ይበልጥ ቀጥ ያለ ወይም ከዚያ ያነሰ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ የአቀበቱን መጠን ከካርዱ ጠርዝ ተነሥቶ መለካት ስሕተት ላይ ይጥላል። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው፣ ዛፍ ወይም የቤት ግድግዳ በምስሉ ውስጥ ተፈልጎ እንደ ቱምቢ መወሰድ ይኖርበታል።

ከሁሉም ይበልጥ ክብደት ያለው ምስክርነት የሚገኘው ግን ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች ነው። ሴንትራል ፓሲፊክ የተባለው ኩባንያ ከካሊፎርኒያ ወደ ምሥራቅ የዘረጋው ሐዲድ ከዩኒየን ፓሲፊክ ሐዲድ ጋር በዩታ ምድር የተገናኘው ግንቦት 10 ቀን 1869 ነው። የሥራው ሂደት በአልፍሬድ ሃርት ካሜራ ተመዝግቧል፤ ከዚህም ሥራ ከ1 እስከ 364 ቍጥር የተሰጣቸው ጥንድ ፎቶግራፎች ወጥተዋል። ከሥራዎቹ ሁሉ አስቸጋሪ የነበረው በተራራው ጫፍ ሥር በግራናይት ድንጋይ ውስጥ የተፈለፈለው 506 ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ ነበር። ድንጋዩ እጅግ ጠንካራ ስለ ነበረ በባሩድ ሲሠራ በአንድ ግንባር የሚገኘው የቀን ውጤት ከ30 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም ነበር። ስለሆነም ከሁለቱ ጫፎች በተጨማሪ ከመካከል ጕድጓድ ተቈፍሮ በአራት ግንባር ተሠራ፤ በ1867ም ናይትሮግሊሰሪን ሥራ ላይ ዋለ።

ይህንን ድንጋይ የፈለጡት በአብዛኛው ቻይናውያን ሠራተኞች ነበሩ፤ ቍጥራቸው ከፍ ባለበት ጊዜ ከ10 ሺህ በላይ ደርሷል። በደመወዝ መዝገቡ ላይ በብዛት የተጻፈው ግን የየቡድኑ አለቃ ስም ስለሆነ የብዙዎቹ ስም አልተላለፈም። የታሪክ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ቢፈልጉም ከነዚህ ሠራተኞች አንዱ በእጁ የጻፈው ደብዳቤ ወይም የዕለት ማስታወሻ እስካሁን አልተገኘም። በዚህም ምክንያት የሃርት ካርዶች ከሥራ ታሪክ ሰነድነት ያለፈ ዋጋ አላቸው። በ8ኛው ዋሻ አፍ ላይ በተነሣ አንድ ካርድ ውስጥ በትከሻው ላይ ባጋደመው ዘንግ የሻይ መያዣዎች አንጠልጥሎ ለሠራተኞች የሚያመላልስ አንድ ቻይናዊ ይታያል። ከካርዱ ጋር የታተመው ርእስ የዋሻውን ቍጥር ይናገራል እንጂ ስለ ሰውየው አንዳች አይልም። በመመልከቻው ውስጥ ግን ሰውየው ከድንጋዩ ተለይቶ ፊት ለፊት ይቆማል። መዝገብ የዘነጋውን ሰው ሌንስ አስቀርቶታል።

እንግዲህ የአንድ ካርድ ዋጋ ይህን ያህል ከሆነ፣ ሰብሳቢው የያዘው ነገር በእርግጥ ምን እንደሆነ የሚያረጋግጥበትን ዘዴ ማወቅ አለበት። በቅድሚያ የሚታየው የካርዱ አካል ነው። ቀደምት ካርዶች ጠፍጣፋና ማእዘናቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ከ1860ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ማእዘኑ መዶልዶም ጀመረ፤ ከ1880 አካባቢ ወዲህ ደግሞ ካርዱ ራሱ ጐበጥ እንዲል ተደረገ። በጀርባው ላይ የአሜሪካ መንግሥት የቀረጥ ቴምብር ያለበት ካርድ የተሸጠው ከመስከረም 1864 እስከ ነሐሴ 1866 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ይህ ቀረጥ በፎቶግራፍ ላይ የተጣለው ለእነዚያ ሁለት ዓመታት ያህል ብቻ ነበርና።

ይሁን እንጂ የካርዱ ዘመን የፎቶግራፉ ዘመን ነው ማለት አይደለም። አንድ የመስተዋት ነጌቲቭ ለብዙ ዓመታት እየታተመ ሊሸጥ ይችላል። የሃርት ነጌቲቮች በ1870 አካባቢ ወደ ሌላው ፎቶግራፍ አንሺ ወደ ካርልተን ዋትኪንስ ተላልፈው በእርሱ ስም እንደ ገና ታትመዋል። በመሆኑም የዋትኪንስን ስም የያዘ ነገር ግን ገና በመቈፈር ላይ ያለ ዋሻ የሚያሳይ ካርድ ያገኘ ሰው፣ በስሙ ሳይታለል ምስሉን ከሃርት ቍጥሮች ጋር ማመሳከር ይገባዋል። ዘመኑን የሚወስነው በመጨረሻ በምስሉ ውስጥ ያለው ሥራ ነው፤ ሐዲዱ ደርሷል ወይስ አልደረሰም፣ ድልድዩ እንጨት ነው ወይስ ብረት፣ ሎኮሞቲቩ የትኛው ነው የሚሉትን ጥያቄዎች ደግሞ ከመሐንዲስ የተሻለ የሚመልስ የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ካርዱ እውነተኛ ጥንድ መሆን አለመሆኑ ነው። በዘመኑ የሌላውን ሰው ካርድ ፎቶግራፍ አንሥቶ አሳትሞ መሸጥ የተለመደ ነበር፤ አንዳንዶችም አንድ ምስል ሁለት ጊዜ ለጥፈው ጥንድ ነው ብለው ይሸጡ ነበር። ይህን ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃል። በሁለቱም ምስሎች ላይ የሚታይ አንድ የቅርብ ነጥብና አንድ የሩቅ ነጥብ ይመረጥና፣ በግራና በቀኝ ምስል መካከል ያለው ርቀት ለእያንዳንዱ ነጥብ ይለካል። በትክክለኛ ካርድ ላይ የቅርቦቹ ነጥቦች ከሩቆቹ ይልቅ እርስ በርሳቸው ይቀራረባሉ። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ ምስሉ ጥልቀት የለውም። የቅርቦቹ ይበልጥ ተራርቀው ከተገኙ ደግሞ ግራና ቀኙ ተለዋውጦ ተለጥፏል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ካርድ በመመልከቻው ውስጥ ገደሉን ወደ ፊት፣ ባቡሩን ወደ ኋላ አድርጎ ያሳያል።

ስለ አያያዝም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ካርድ የሚጠፋው በእሳትና በጎርፍ ብቻ ሳይሆን በወዳጆቹም እጅ ጭምር ነውና። የጐበጠ ካርድ በግድ ሊቃና አይገባም፤ የምስሉ ገጽ ይሰነጠቃል። በክፈፍ ለመስቀል ተብሎ ጠርዙ ሊቈረጥ፣ ከሁለቱ ምስሎች አንዱ ተነጥሎ ሊወሰድ አይገባም፤ ግማሹ የጠፋ ጥንድ መለኪያ መሆኑ ቀርቶ ተራ ሥዕል ይሆናል። ካርዱ ከአሲድ ነፃ በሆነ ወረቀት ወይም በፖሊስተር ከረጢት ተደርጎ ከብርሃንና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጣል። በላዩ ላይ መጻፍ ግድ ከሆነ በእርሳስ ብቻ፣ ያውም በጀርባው ይጻፋል። ቅጂ ሲወሰድ ፊቱም ጀርባውም በሙሉ፣ ከማስመሪያ ጋር ይወሰድ፤ ጀርባው ላይ ያለ ቍጥር፣ ቴምብር ወይም የሻጭ ስም አንዳንድ ጊዜ ከምስሉ የበለጠ ይናገራልና። በአንድ ሣጥን ውስጥ አብረው የተገኙ ካርዶችን አብሮ መሸጥ ባይቻል እንኳ አብረው መገኘታቸውን መመዝገብ የሰብሳቢው ግዴታ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ሁለት ምሳሌዎች አሉ። ከ72 ሺህ በላይ ካርዶች የያዘው የሮበርት ዴኒስ ስብስብ ዛሬ በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ የኪስቶን ኩባንያ ነጌቲቮችና ካርዶች ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሪቨርሳይድ ተጠብቀዋል። የመጀመሪያው አንድ ሰው ቤት የጀመረ ሥራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ንግዱ ያበቃለት ኩባንያ ንብረት ነበር። ሁለቱም የተረፉት ወደ ቍርጥራጭ ሳይበተኑ በፊት አንድ ሰው ሰነድነታቸውን ስለ ተገነዘበ ነው።

ጉዳዩ ለዚህ ማኅበር አባላት የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከ1897 እስከ 1917 የተሠራው የጅቡቲ – አዲስ አበባ የባቡር ሐዲድም ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሚሆን ከፍታ የወጣ የአንድ ሜትር ስፋት መስመር ነበር። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ሐዲድ ከተተካው ወዲህ፣ አሮጌው መስመር እንዴት እንደ ተሠራ፣ በየድልድዩ ላይ እነማን እንደ ደከሙ የሚመሰክረው በየቤተሰቡና በየመዝገብ ቤቱ የተረፈው ሥዕልና ወረቀት ነው። ዛሬ በየሥራ ቦታው በስልክ የሚነሡት ፎቶግራፎችም ቢሆኑ ቦታቸው፣ ቀናቸውና በውስጣቸው ያሉት ሰዎች ስም ካልተጻፈ፣ ቍጥራቸው ስለ በዛ ብቻ ለመጪው ትውልድ ሰነድ አይሆኑም።

አልፍሬድ ሃርት ለእያንዳንዱ ካርድ ቍጥር ሰጥቶ፣ ለእያንዳንዱ ዋሻ ስሙን ጽፎ አልፏል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ሻይ ተሸካሚውን ግን ስሙን ጠይቆ የመዘገበው አልነበረም። ስሙን ለመጻፍ የሚያስፈልገው አንድ መስመርና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። የሥራ ቦታን ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሐንዲስ ሁሉ ያንን አንድ መስመር ሳይጽፍ ፋይሉን ባይዘጋ መልካም ይሆናል።